ስም የሌለው ሳህን

ዌልቢ፣ ኢንዲያና
ማርች 6 ቀን 1994

ለወንድሜ ለጎርደን፣

ይህ ወረቀት ወገብህ ቀንቶ፣ ጥርስህ ሳይጎድል፣ ያ የጣሊያን ወደብ የትሪየስት ነፋስ ባርኔጣህን ሳይወስደው ያግኝህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው፤ ጉልበቴም ቢሆን ደረጃ እስካልወጣሁ ድረስ ዝም ይላል። "ወንድሜ" ብዬ የጀመርሁት አያቶቻችን ወንድማማቾች ስለሆኑ ብቻ አይደለም። አክስታችን ሄዘል ካረፈች ወዲህ የቤተሰቡን ስም የያዝነው እኔና አንተ ብቻ ነን። ሁለት ሰው ሲቀር ደግሞ በስንተኛው ቤት እንደምንገናኝ መቁጠር ትርፉ ድካም ነው።

ኦክቶበር ላይ ስንቀብራት የላክኸው ቴሌግራም ደርሶኛል። ቀብሩ ጥሩ ነበር። ሰፈራችንን ታውቀዋለህ፤ እዚህ ሰው ሲሞት "እግዜር ያጽናሽ" የሚባለው በአፍ ሳይሆን በሳህን ነው። አሥራ ዘጠኝ ሳህን ገባልኝ፤ አሥራ ሦስቱ ፓስታ በቱና። ሁሉንም አጥቤ፣ ከግርጌው የተለጠፈውን ፕላስተር እያነበብሁ፣ ባዶ እንዳይመለስ ኩኪስም ማርማላታም ጣል አድርጌበት ለየባለቤቱ አድርሻለሁ። አንድ ብቻ ቀርቶኛል። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ አበባ አለው፤ ከግርጌው ግን ስም የለውም። የቤተ ክርስቲያኑን ሴቶች አንድ በአንድ ጠየቅሁ። "የኔ አይደለም" አሉ ሁሉም። የሰው ዕቃ ቤቴ ውስጥ ሲቀመጥ ሰላም የሚነሳኝ ሰው ነኝና ማድ ቤት በገባሁ ቁጥር ዓይኔ እሱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሄዘል ቤቱን ለሁለታችን እኩል ተናዝዛለች፤ ያለ ሁለታችን ፊርማ አይሸጥም። ጠበቃው ያዘጋጀውን ወረቀት አብሬ ልኬልሃለሁ፤ ከታች በግራ በኩል ያለው መስመር ያንተ ነው። ጎርደን፣ እኔ ከዚህ መሄድ እፈልጋለሁ። ይኸው ጻፍሁት። አብሮ አደጌ በርኒስ በሰሜን፣ በትልቁ ሐይቅ ዳር የእንግዳ ማረፊያ አላት። ምግብ አብሳይዋ በኦገስት መጨረሻ ይለቃል። "እስከ ሴፕቴምበር አንድ እጠብቅሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ሰው እቀጥራለሁ" ብላኛለች። ክፍልም ምግብም ከሷ ነው፤ ክፍሉ ደግሞ ሐይቁን የሚያይ መስኮት አለው።

ኀምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። የተወለድሁት ከዚህ ቤት ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። ሠላሳ ዓመት ለትምህርት ቤቱ ልጆች ድንች ጨፍልቄአለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሄዘልን አስታምሜአለሁ። በዚህ አልቆጭም። ግን ባቡሩ በሂኮሪ ጎዳና ጫፍ ባለፈ ቁጥር እግሬ ከጠረጴዛው ሥር መነቃነቅ ጀምሯል፤ ተው ብለው አልሰማ ብሎኛል።

ጥለሽው ሂጂ እንዳትለኝ። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ በዚህ መንገድ ላይ አምስት ቤት ባዶ ሆኗል፤ ባዶ ቤት ደግሞ የበረዶውን ወራት አይሻገርም። ቧንቧው ይቀዘቅዝና ይፈነዳል፣ ውሃው ወለሉን ይበላል፣ በጸደይ ማዘጋጃ ቤቱ መጥቶ መስኮቱን በጣውላ ይመታዋል። ሄዘል ስልሳ ዓመት የወለወለችው ወለል እንዲያ ሲሆን ማየት አልችልም። ስለዚህ ሰው ሊገባበት ይገባል።

ስልክ አስገባ ብዬህ እምቢ ስላልህ መልስህን በፖስታ እጠብቃለሁ። ፈጣሪ እጅህን ይፍታልህ፤ በተለይ የምትፈርምበትን።

እህትህ ሎሬታ


ትሪየስት
ኤፕሪል 29 ቀን 1994

ለውድ እህቴ ለሎሬታ፣

ሰላምታዬ ከባሕሩ ማዶ ይድረስሽ። ጉልበትሽን ፈጣሪ ይዳብስልሽ፤ ደረጃ በወጣሽ ቁጥር እኔ እዚህ እንዳመመኝ ቁጠሪው። ደብዳቤሽ ሲደርስ የአንድ የግሪክ መርከብ ሞተር ሆዱን ከፍተን ውስጡ ነበርሁ፤ ለዚያ ነው የዘገየሁት። ዘይት በተቀባ እጅ ላንቺ መጻፍ ደግሞ ነውር ነው።

ስለ ቀብሩ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብሁት። አሥራ ሦስት ፓስታ በቱና! ሄዘል ብትሰማ ትስቅ ነበር፤ እሷ ራሷ ቱና ከጣሳው ሽታ ጀምሮ ትጠላ እንደነበር አትርሺ። ስለዚያ ሳህን አትጨነቂ። ባለቤቱ ቢፈልገው ኖሮ ይጠይቅ ነበር። ለወፍ ውሃ ማስቀመጫ አድርጊው ወይም ጣይው።

እስቲ ስለ ቤቱ ንገሪኝ። የፒር ዛፉ ዘንድሮ አበበ? ከኋላ ያለው ሁለተኛው ደረጃ አሁንም ሲረግጡት ያቃስታል? ጎረቤታችን ሽማግሌው ቨርሊንስ? አሁንም ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ሣር እያጨደ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል? ያ አረንጓዴ በረንዳ ላይ የሄዘል መወዛወዣ ወንበር ካለ አትሽጪው። እናቴ ሞታ በዘጠኝ ዓመቴ ወደዚያ ቤት የገባሁ ቀን ሄዘል ያስቀመጠችኝ እሱ ላይ ነው። ወንበሩን በእግሯ ታወዛውዝልኝ ነበር።

ወረቀቱን አይቼዋለሁ። ቋንቋው የጠበቃ ስለሆነ በእርጋታ ላነበው አስቀምጬዋለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? በጋው ገና ረጅም ነው። ፎቶግራፍ ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል፤ ከመንገዱ ማዶ ሆነሽ አንሺው፣ ሁለቱም መስኮቶች እንዲታዩ።

ሰላም ዋዪ፣
ጎርደን


ዌልቢ
ሜይ 22 ቀን 1994

ለወንድሜ ለጎርደን፣

ጤና ይስጥልኝ። የፒር ዛፉ አብቧል። ደረጃው ያቃስታል። ቨርሊን ያጭዳል። ፎቶግራፉ ከዚህ ጋር አለ፤ ሁለቱም መስኮቶች ይታያሉ። የጠየቅኸውን ሁሉ መለስሁ፤ እኔ የጠየቅሁህ ግን አንድ ነገር ነበር፣ እሱ አልመጣም። ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነው ጎርደን። የመርከብ ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ሰው ሁለት ገጽ አንብቦ መጨረስ አያቅተውም።

ፊርማህ እስኪመጣ ገዢ ልፈልግ ብዬ ደላላውን ጠራሁት። "የሚሸጥ" የሚለውን ሰሌዳ ግቢው ውስጥ ተከለና "ትንሽ ይቆያል እንግዲህ" ብሎኝ ሄደ። ይቆያል ማለቱ በአክብሮት ነው። የሂኮሪ ጎዳና ቤት ዛሬ በአሮጌ መኪና ዋጋ ይገኛል፤ ግን ሰሌዳው ከሰው ይበልጣል። ሦስት ሳምንት ሙሉ የመጣልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም መጸዳጃ ቤት ፈልጎ ነበር የገባው።

አሁን የምነግርህን ለፓስተራችን እንዳትጽፍ። በትምህርት ቤቱ ማድ ቤት አብራኝ የምትሠራው ዶሎሬስ ካቶሊክ ናት። እንዲህ ስንጨዋወት፣

"ዮሴፍን ቅበሪው" አለችኝ።

"የቱን ዮሴፍ?"

"ቅዱሱን ነዋ። ትንሽዬ ሐውልት አለችኝ። ግቢሽ ውስጥ በራሱ ተዘቅዝቆ፣ እግሩ ወደ ላይ፣ ፊቱ ወደ መንገድ። ቤቱ ካልተሸጠ አላወጣህም ትይዋለሽ። ተዘቅዝቆ መኖር ማን ይወዳል? ይቸኩላል።"

"ዶሎሬስ፣ እኔ እኮ ሉተራን ነኝ።"

"እሱ ምን ያውቃል? አንቺ ዝም በይ እንጂ።"

እኔም ዝም ብዬ ቀበርሁት። ከሰሌዳው አጠገብ መሬቱ ድንጋይ ሆኖ አካፋ እምቢ አለኝ። ወደ ቨርሊን በኩል፣ አበባ መትከያው ጋ፣ ሄዘል አርባ ዓመት ያጨደችው ሣር ዳር ለስላሳ ቦታ አገኘሁ። ቨርሊን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

"ሎሬታ፣ ምን እየቀበርሽ ነው?"

"የቱሊፕ ሥር ነው።"

"በሜይ? ቱሊፕ ከበረዶ በፊት አይደል የሚተከለው?"

"የሚዘገይ ዓይነት ነው፣ ጋሽ ቨርሊን።"

"እንግዲህ አንቺ ካልሽ" ብሎ ጋዜጣውን አነሳ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የማያልፈው ነገር የለም፣ ግን የማያየውም የለም።

የሄዘልን ልብሶች ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጥቻለሁ። የራሴን ዕቃ በካርቶን አድርጌ ሳሎን ደርድሬዋለሁ፤ ማንኪያ በፈለግሁ ቁጥር ካርቶን እየፈታሁ መልሼ አስራለሁ። የምኖረው እንዲህ ነው። ያለህበት ሩቅ ነው እንጂ ዓይንህን አይቼ ብጠይቅህ ደስ ይለኝ ነበር። ፈርም።

ሎሬታ


ትሪየስት
ጁላይ 9 ቀን 1994

ለውድ እህቴ ለሎሬታ፣

ይህን ያህል በመቆየቴ ብትቆጪኝ እውነት አለሽ። ወደ ማልታ የሚሄድ መርከብ ላይ አንድ መካኒክ ታሞ በሱ ምትክ ሄጄ ነበር። ሳላስብ እሺ አልሁ። አንድ ቦታ ሁለት ወር ከተቀመጥሁ ግድግዳው ይጠበኛል፤ ከሄድሁ ደግሞ በሦስተኛው ቀን የት እየሄድሁ እንደሆነ ይጠፋኛል። አንቺ አንድ ቦታ ኖረሽ እግርሽ እምቢ አለሽ፤ እኔ ደግሞ እግሬን ስከተለው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆነኝ።

ቅዱሱን ገልብጠሽ መቅበርሽን እዚህ ላሉት ብነግራቸው ጣሊያኖቹ አማተቡ፤ አንዱማ "ያቺ ሴት ገሃነም ትገባለች" አለ። ግን ከልቡ ሳቀ። ፎቶግራፉን ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። የሥራ ጓደኞቼ ሲያዩት "የማን ቤት ነው?" አሉኝ። "የኔ" አልሁ። አፌ አምልጦኝ አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲሁ እላቸዋለሁ። "ጎርደን በኢንዲያና በረንዳ ያለው ቤት አለው፤ ሲደክመው ይሄዳል" ይላሉ። እዚህ የምኖርበት ክፍል የሌላ ነው፣ አልጋው የሌላ ነው። ሰው ያመነኝ በዚያ ቤት ስም ነው።

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አድርጌዋለሁ። አልጠፋም። ልፈርም ብዬ ሁለት ጊዜ ብዕር አንስቼ ነበር። ትንሽ ታገሽኝ። ብትችዪ የኋለኛውን ክፍል ቀለም አትቀቢው፤ በሩ ላይ ሄዘል ቁመቴን በእርሳስ የለካችበት ምልክት አለ።

ያክብርልኝ፣
ጎርደን


ዌልቢ
ጁላይ 31 ቀን 1994

ጎርደን፣

ሰላምታ የምጽፍበት አንጀት ስለሌለኝ ይቅር በለኝና ወደ ነገሩ ልግባ።

ቤቱ ተሸጠ። የኛ አይደለም። የቨርሊን።

እንዴት መሰለህ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ዳሪልና ጆሊን የሚባሉ ባልና ሚስት የኛን ሰሌዳ አይተው መጡ። ሕፃን ልጅ ታቅፈዋል፣ ያላቸው ትንሽ ነው፣ ቤት መግዛት የሚችሉበት ሰፈር ደግሞ የኛ ብቻ ነው። ቤቱን አሳየኋቸው። ወደዱት። "ሌላኛው ወራሽ መቼ ይፈርማል?" ሲሉኝ "አላውቅም" አልሁ። ምን ልበል? ሲወጡ ቨርሊን አጥሩ ጋ ቆሞ ሕፃኑን ያጫውታል። ማምሻውን ራት ጋበዛቸው፤ በማግሥቱ ቤቱን ሊሸጥላቸው ተስማማ። አንድ ቀን ሰሌዳ ያልተከለ ሰውዬ። ነብራስካ ያለችው ልጁ "ና ከኔ ጋር ኑር" እያለች ስድስት ዓመት ለምናዋለች።

ከዚያ ቀያሽ መጣ። ገመድ ዘረጋ፣ ችካል መታ። ችካሉ የገባው የት መሰለህ? በኛ ሣር ውስጥ፣ ከዳሩ ሁለት ክንድ ገባ ብሎ። ሄዘልና ቨርሊን አርባ ዓመት አንዳቸው ላንዳቸው ትንሽ አለፍ እያሉ ሲያጭዱ፣ ድንበሩ የት እንደነበር ሁለቱም ረስተውታል። አበባ መትከያው የቨርሊን ነው። እኔ ቅዱሱን የቀበርሁት የሰው መሬት ላይ ነው። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀውም ይባላል፤ የኔ ግን ማን እንደሚወጣበት ነበር።

ትናንት ቨርሊን አካፋ ይዞ የማድ ቤቱን በር አንኳኳ። በሌላ እጁ ጭቃ የተለወሰ ነገር ይዟል።

"ቱሊፕሽ በቀለ" አለኝ።

ሐውልቱን ጠረጴዛው ላይ አቆመው። እኔ መሳቅ ጀመርሁ፤ ሳቄ ሳላውቀው ወደ ልቅሶ ዞረ። ሁሉም ሰው ይሄዳል፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው እንኳ ይሄዳል፤ ሻንጣዬን አስሬ የተቀመጥሁት እኔ ብቻ ነኝ አልሁት። ቨርሊን ባርኔጣውን አወለቀ። ለመሄድ ሲነሳ ጉልበቱን መታ አድርጎ "እንግዲህ" እንደሚል ታውቃለህ፤ ሦስት ጊዜ "እንግዲህ" አለና ሦስት ጊዜ ተመልሶ ተቀመጠ።

"ሎሬታ፣ አንድ ነገር ይዤ ነብራስካ መግባት አልፈልግም።"

"ምን ሆኑ?"

"ይሄ ሳህን ባለቤት አለው" አለ፤ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሰማያዊ አበባ እያየ። "የጎርደን ነው።"

ሳህኑን አውርጄ ግርጌውን ገለበጥሁት።

"የሄዘል ቀብር ቀን መጣ። ከኔ ማድ ቤት መስኮት ሆኖ ወዲህ ሲያይ ዋለ። ሰው ሲገባ ሲወጣ፣ አንቺ ሳህን ስትቀበዪ። ግባ እንጂ አልኩት፣ እምቢ። ሱቅ ሄዶ ሳህንና ቱና ገዛ፣ እኔ ምድጃ ላይ ጋገረው። ስምህን ከግርጌው ለጥፍ አልኩት፣ ለጠፈ። ይዞት እስከ በራችሁ ሄደ። በማግሥቱ አውሮፕላን ማረፊያ አደረስኩት። ለማንም አትንገር ብሎ አስማለኝ።"

"እርስዎም ዘጠኝ ወር ዝም አሉ?"

"ምን ላድርግ ልጄ፣ ምያለሁ።"

ቨርሊን ከሄደ በኋላ ቴሌግራምህን ከመሳቢያ አወጣሁት። የተላከው ከቺካጎ ነው። ዘጠኝ ወር እጄ ላይ ነበር፤ ሐዘኑን እንጂ ከላይ የተጻፈውን አላነበብሁም። በኤፕሪሉ ደብዳቤህ ደግሞ "ያ አረንጓዴ በረንዳ" ብለሃል። በረንዳው አንተ ስታውቀው ነጭ ነበር። አረንጓዴ የቀባሁት እኔ ነኝ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ለማንም አልጻፍሁም።

ተናድጃለሁ ጎርደን። ሄዘል በየእሑዱ "ፖስታ ቤቱ ዛሬ ዝግ ነው አይደል?" ትለኝ ነበር፤ ዝግ ስለሆነ ነው ያልጻፈው እንድላት። እላት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት። አንተ እመጣለሁ እያልህ ያልመጣህበትን ቤት እኔ ጠበቅሁልህ፤ አሁንም ጠብቂ ትለኛለህ፣ ያውም ምክንያቱን ሳትነግረኝ። ሰው ያመነኝ በዚያ ቤት ስም ነው አልህ። ደጃፉ ድረስ መጥተህ ያልገባህበት ቤት እንዴት ያንተ ይሆናል?

በርኒስ ቀኑን አታራዝምም። አንድ ወር ቀረኝ። ፊርማህን ነው የለመንሁህ፤ እንባህን አይደለም፣ ትዝታህንም አይደለም።

ሎሬታ


ትሪየስት
ኦገስት 11 ቀን 1994

እህቴ ሎሬታ፣

ወረቀቱ ተፈርሞ ከዚህ ጋር አለ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሰዓት ፈረምሁት፤ በፍጥነት በሚሄደው ፖስታ ነው የላክሁት፣ እንዳይዘገይብሽ።

የሆነውን ልንገርሽ፤ ከዚህ በኋላ የምደብቀው የለኝም። በየዓመቱ ዘንድሮ እመጣለሁ እያልሁ ለሄዘል እጽፍ ነበር። መጀመሪያ ላይ እውነቴን ነበር። በኋላ ላይ ቃሌን ያላከበርሁበት ዓመት እየበዛ ሲሄድ መጻፉም አሳፈረኝ፤ አለመጻፌ ደግሞ ይብስ አሳፈረኝ። ሞተች ስትዪኝ መንገዱን በሙሉ ሳልተኛ መጣሁ። የቀብሩ ሰዓት አለፈብኝ። ቨርሊን ባያስገባኝ ኖሮ መንገድ ላይ ቆሜ እመለስ ነበር።

ሳህኑን ይዤ በረንዳው ላይ ወጣሁ። ሁለተኛው ደረጃ አቃሰተ፤ የፊቱ ደረጃም እንደዚያ መጀመሩን አላወቅሁም ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። አንቺ ውስጥ ሆነሽ ለአንዷ ሴት ስትናገሪ ሰማሁሽ፤ "እዚያ አኑሪው። የማን ነው? ስም አለው?" ስትዪ። ድምፅሽ የሄዘል ሆኖብኝ ነበር። ያን ጊዜ ስሜን ከሳህኑ ግርጌ ላጥሁት። አስቀመጥሁት፣ ሄድሁ። ፕላስተሩን እስከ ቺካጎ በኪሴ ይዤው ነበር።

ቱናም ትጠላ እንደነበር ረስቼው ነው የጋገርሁት። ይኼው ነው ታሪኩ።

ቤቱን ሽጪው። ድርሻዬን አልፈልግም። ሐይቁ ዳር መስኮትሽን ከፍተሽ ተቀመጪ፤ ይገባሻል። ግድግዳዬ ላይ ያለውን ፎቶ ግን አልመልስልሽም። ሳህኑን ስበሪው።

ጎርደን


ዌልቢ
ኦገስት 30 ቀን 1994

ለወንድሜ ለጎርደን፣

እንደምን ከርመሃል? መንገድህን ፈጣሪ ያቅናልህ፤ የትኛውን መንገድ እንደሆነ ከዚህ በታች እነግርሃለሁ።

ፊርማህ ደርሷል። አውቶቡሴ ነገ ጠዋት ነው። ካርቶኖቹ አራት ናቸው፤ ይህን ያህል ወር ስፈታና ሳስር አሥራ አንዱን ጥያቸዋለሁ፤ ማንኪያዎቹን ግን ላንተ ትቻለሁ። ቨርሊን ቅዳሜ ሄደ። መኪናው ውስጥ ገብቶ "እንግዲህ" ካለ በኋላ እንኳ በመስኮት አርባ ደቂቃ አወራን።

ቤቱን አልሸጥሁትም። ለመሸጥ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ደላላውም አንድ ሰው አለኝ ብሎኝ ነበር። ግን የኋለኛውን ክፍል ለመጨረሻ ጊዜ ስጠርግ የበሩን እርሳስ አየሁት። አንተ ያላልኸኝ ነገር አለ፤ ካንተ ቁመት አጠገብ የኔም አለ። እሑድ እሑድ ስመጣ ትለካኝ ነበር፣ ረስቼው። በሁሉም ዓመት እበልጥሃለሁ። ቁጭ ብዬ ብዙ አሰብሁ። እኔ የፈለግሁት መሄድ እንጂ ቤቱ የሌላ እንዲሆን አልነበረም፤ ቤቱ የሚፈልገው ደግሞ ሰው ነው። ሰው አለ። ትሪየስት ውስጥ በሰው አልጋ ላይ ተቀምጦ ፎቶግራፍ ያያል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጌአለሁ። ወረቀቱ ላይ እኔም ፈርሜ ለጠበቃው ሰጥቼዋለሁ። የመጀመሪያው ውርጭ እዚህ የሚወርደው በኦክቶበር መጨረሻ ነው። እስከዚያ መጥተህ ምድጃውን ካቀጣጠልህ ጠበቃው ወረቀቱን ይቀድደዋል። ካልመጣህ ይሸጠዋል፤ አልቆጣም፣ ዳግመኛም አልለምንህም። ይቅር ብዬሃለሁ ወይ ብትለኝ፣ ግማሹን አዎ። የቀረውን በረንዳው ላይ ተቀምጠህ ስትጽፍልኝ አየዋለሁ። አድራሻዬ ከጀርባው ላይ አለ። ሐይቁን ልታይ ብትመጣ ክፍል አለ፤ ግን እኔን ፍለጋ ሳይሆን ሐይቁን ልታይ ና።

ጥቂት ነገር ላሳውቅህ። የምድር ቤቱ ማሞቂያ ቦይለር ሁለት ጊዜ በርግጫ ካልተመታ አይነሳም። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያው ጩኸት ይሞከራል፤ መርከብ የመጣ መስሎህ እንዳትነሳ። ኦገስት ላይ ጓሮው የተትረፈረፈለት ሰው በርህ ላይ ዝኩኒ አስቀምጦ ይሸሻል፤ አትመልሰው፣ ቀብረውም ቢሆን ተቀበል። ቀያሹ የመታው ችካል አሁንም አለ። ዳሪል ገና ሣር ማጨጃ የለውም፤ ስታጭድ ከችካሉ ሁለት ክንድ አልፈህ እጨድ።

ሳህኑን አልሰበርሁትም። አጠብሁት። አዲስ ፕላስተር ቆርጬ ስምህን በትልቁ ጽፌ ከግርጌው ለጥፌዋለሁ፤ ከእንግዲህ እንዳይላጥ በጥፍሬ ደጋግሜ ተጭኜዋለሁ። በኛ ሰፈር ሳህን ባዶ አይመለስም። ስለዚህ ውስጡ የቤቱን ቁልፍ፣ እሱን ተደግፎ በእግሩ የቆመውን ዮሴፍንም አድርጌበታለሁ። ዶሎሬስ ሥራውን ከጨረሰ ቤት ውስጥ ማቆም ነው ብላለች፤ ጨርሶ እንደሆነ አንተ ነህ የምትነግረው።

ሳህኑ ያለው ጆሊን ዘንድ ነው። ለማንም እንዳትሰጪ ብያታለሁ። በቨርሊን በር ግባ፣ አንኳኳ። ጆሊን ልጇን ታቅፋ ትመጣና "ማን ልበል?" ትልሃለች።

ስምህን ንገራት።

እህትህ ሎሬታ